ሦስቱ የጠፉ ቅጂዎች

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊዋ ሪናት የማኅበሩን ቢሮ ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ወለሉ ላይ በተበተኑ አራት ትናንሽ ብሎኖች ላይ ነበር። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አየች። የጎን ክዳኑ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ትልቁ ዲስክ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ስልኳን አውጥታ የማኅበሩን ድረ ገጽ ስትከፍት አንድ ፊደል እንኳ የሌለበት ነጭ ገጽ መጣላት። ያኔ ጮኸች። ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ጩኸቷን ሰምቶ ለፖሊስ ደወለ።

የኪርያት ማላኪዋ የወንጀል መርማሪ አመለወርቅ፣ በዕብራይስጥ ማዕረጓ ፓካድ፣ ስትደርስ ሪናት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ወርቅነህ ግን ከተከፈተው ኮምፒውተር ፊት ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፣ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስላሉ።

«የተሰረቀው ዲስኩ ብቻ ነው፣ ጋሼ?»

«ዲስኩማ ምን ያደርጋል፣ ልጄ። በውስጡ ያለው ነው እንጂ።»

በውስጡ ያለውን አመለወርቅ ታውቀዋለች። የማያውቀውም የለም። ጋሼ ወርቅነህ ወገባቸውን ታመው ከፋብሪካ ከወጡ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፅ መቅጃ ይዘው ከኪርያት ማላኪ ገዴራ፣ ከገዴራ ያቭኔ ቤት ለቤት ዞረዋል። ከጎንደር የመጡትን ሽማግሎችና አሮጊቶች አንድ በአንድ አስቀምጠው ማን ከማን እንደተወለደ፣ በየት እንደመጡ፣ መንገድ ላይ ማንን ቀብረው እንዳለፉ ጠይቀዋል። ሦስት መቶ አርባ ሰው። ከእነዚህ ውስጥ መቶ ዘጠናው ዛሬ በሕይወት የሉም።

ከመቶ ዘጠናው አንዷ የአመለወርቅ እናት ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ተቀድተው ከሁለት ዓመት በፊት ሞቱ። ልጃቸው ቅጂውን አንድም ቀን ከፍታ ሰምታው አታውቅም። መጀመሪያ ጊዜ አጣች፤ ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ፈራች። «አለ፣ የትም አይሄድም» እያለች ሁለት ዓመት አሳለፈች። አሁን የምታየው ባዶ ቦታ ነው። የእናቷን ቅጂ ነገር ለጣቢያው ሰዎች አልተናገረችም። ብትናገር ጉዳዩን ከእጇ ይወስዱባታል።

«ሌላ ቅጂ የላችሁም?»

«ሦስት ነው ያለን» አሉ ጋሼ ወርቅነህ። «አንዱ ይሄ የጠፋው ነው። ሁለተኛው ድረ ገጹ ላይ፣ ያቭኔ ካለው ኩባንያ ሰርቨር ውስጥ ነው። ሦስተኛው በተንቀሳቃሽ ዲስክ ገዴራ እማማ ሙሉዬ ቤት ይቀመጣል። ዲስኮቹ ሰማያዊና ጥቁር ሁለት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ሪናት ትቀዳለች፣ ዓርብ ጠዋት እኔ አዲሱን አደርስና የቆየውን እመልሳለሁ። አንዱ ቢቃጠል ሁለቱ እንዲተርፉ ነበር።»

«ጥቁሩም የለም» አለች ሪናት ከደረጃው። «ዓርብ ከገዴራ የተመለሰው። መሳቢያው ውስጥ መኖር ነበረበት።»

«ቢሮ አልገባሁም። በሩ ላይ ባለው የፖስታ ሳጥን ነው የጣልኩት» አሉ ጋሼ ወርቅነህ። የፖስታ ሳጥኑ መቆለፊያ ተሰብሮ ነበር።

አመለወርቅ መኪናዋን አስነስታ ወደ ገዴራ በረረች።

*

እማማ ሙሉዬ ሰማንያ አልፏቸዋል። ዲስኩን የሚያስቀምጡት ከአልጋቸው ሥር ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልለው፣ ከመገነዣ ጨርቃቸው ጎን ነው። የሳጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከወርቅነህ በቀር ነክቶት የሚያውቅ የለም» አሉ። «ሰው ነው ውስጡ ያለው። ሰው ደግሞ ወለል ላይ አይጣልም።»

«ባለፈው ዓርብ በስንት ሰዓት መጡ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ጠዋት ሦስት ሰዓት። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም።»

አመለወርቅ ሰማያዊውን ዲስክ ከፖሊስ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። ምንም የለበትም። አውጥታ እንደገና ሰካችው፣ ያው ነው።

«አሉ?» አሉ እማማ ሙሉዬ፣ አንገታቸውን አስግገው።

«የሉም፣ እማማ።»

አሮጊቷ ነጠላውን አንስተው ባዶውን ዲስክ መልሰው ጠቀለሉት። አመለወርቅ ጎናቸው ልትቀመጥ አሰበች፣ ጊዜ የላትምና ወጣች።

*

ያቭኔ ያለው ኩባንያ ከጋራዥና ከቀለም መሸጫ መሐል የተሸጎጠ ቢሮ ነው። ኤታን የሚባለው ባለሙያ ወንበሩን ገፍቶ ስክሪኑን አዞረላት።

«ድረ ገጹ የጠፋው ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ትእዛዙ የመጣው ከራሳቸው ከቢሮው ኮምፒውተር ነው። የገባው ሰው የተጠቀመበት ስም ዴቪር ይላል።»

«ይጥፋ፣ እናንተ ግን በየቀኑ ቅጂ ትወስዱ የለም?»

«እንወስዳለን። ጊቡይ የምንለው መጠባበቂያ ቅጂ በየሌሊቱ በራሱ ይሠራል፣ ሠላሳ ቀን እናቆየዋለን፣ ከዚያ አሮጌው ይወጣል። አንድ ሰው የዛሬ ሠላሳ አንድ ቀን፣ ሐሙስ ዕለት ገብቶ ጊቡዩን አጥፍቶታል። በዚያው በዴቪር ስም። አዲስ አልገባም፣ አሮጌው ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ እያለ ሲወጣ ከረመ። የመጨረሻዋ የወጣችው ዓርብ ጠዋት ነው።»

«የመጨረሻዋ እስክትወጣ ጠብቆ አጠፋው ማለት ነው።»

«አዎ። ትዕግሥተኛ ሰው ነው» አለ ኤታን። «እኛ ደግሞ በየቀኑ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ልከናል። ሁሉም ተከፍተው ተነበው ተሰርዘዋል። የሰንበት ቀን የተላኩት ብቻ እስከ እሑድ ሳይከፈቱ ቆይተዋል።»

አመለወርቅ በማስታወሻዋ ላይ «ሌባው ሰንበት ያከብራል» ብላ ጻፈችና በራሷ ቀልድ አልሳቀችም።

መኪናዋ ጋ ሳትደርስ አለቃዋ ማኦር ደወለ። «ያ የኮምፒውተር ነገር አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«አመለወርቅ፣ የጠፋው ፋይል ነው። ሰው አልሞተም።»

«መቶ ዘጠና ሞተዋል።»

«እነሱ ቀድሞም ሞተው ነበር። ሁለት ቀን አለሽ፣ ቤሰደር፣ እሺ?» ብሎ ዘጋው። ስልኩን አፍጥጣ እያየች የተሳደበችው ስድብ ጎንደር ላይ ቢሰማ ሽምግልና የሚያስቀምጥ ነበር።

*

ዴቪር ማኅበሩን በኮምፒውተር ያደራጀው ልጅ ነው። ከሠራዊቱ ሲወጣ ጀምሮ አምስት ዓመት አብሯቸው ሠርቶ የዛሬ ስምንት ወር ተጣልቶ ወጣ። አሁን ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝ ማሽን ይነዳል። አመለወርቅ ስታስጠራው ፊቱ ላይ መገረም አልነበረም።

«እኔን እንደምትጠሩ አውቃለሁ። ነገር የጠፋበት ሁሉ እኔን ነው የሚያስበው።»

«በስምህ ነው የተገባው።»

«ሲስማዬን፣ የይለፍ ቃሌን፣ ስወጣ በወረቀት ጽፌ በፖስታ አሽጌ ለጋሼ ወርቅነህ ሰጠኋቸው። ቀይሩት አልኩ። ያልቀየሩት እነሱ ናቸው፣ እኔ ልቀይርላቸው ነበር?»

«ፖስታውን ማን ያገኛል?»

«እሳቸው። ሪናትም ታውቀዋለች። ሁለቱ ብቻ።»

«ለምን ተጣላችሁ?»

ዴቪር ጓንቱን አውልቆ ጭኑ ላይ መታው። «አራተኛ ቅጂ ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር እናስቀምጥ አልኩ። ጋሼ ወርቅነህ የአባቶቻችን ድምፅ በባዕድ መኪና ውስጥ አይታጎርም አሉ። እኔም ተናገርኩ። ሽማግሌ ተዳፍረሃል ተባልኩ። ያላ፣ ይኸው! አሁን አራተኛ የለም።»

ዓርብ ጠዋት የት እንደነበር ስትጠይቀው ወደ በሩ ጠቆማት። ሠራተኛው ሲገባም ሲወጣም ጣቱን የሚያትምበት ማሽን አለ። ዓርብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት በሥራ ፈረቃው፣ በሚሽመረቱ ላይ ነበር፣ ካሜራውም ያሳያል። አመለወርቅ ቪዲዮውን እያፈጠነች ስታይ ልጁ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ካርቶን ሲደረድር አገኘችው።

«ፓካድ» አላት ስትወጣ። «አያቴም ውስጡ ነበረች። እኔ አያቴን አጠፋለሁ?»

እጁን ጨብጣው ሄደች።

*

ሪናት ብቻ ቀረች። ሰማያዊው ዲስክ ላይ ሐሙስ የቀዳችው እሷ ናት፣ የይለፍ ቃሉን የምታውቀው እሷ ናት፣ የማኅበሩን ኢሜይል የምትከፍተውም እሷ ናት። ጋሼ ወርቅነህ በስልክ ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ እንኳ ተሸካሚ ነኝ። ውስጡ ምን እንዳለ የምታውቀው ሪናት ናት። ግን ልጅቱን አትንኪብኝ» አሉ። አመለወርቅ ይቺን «አትንኪብኝ» ስትሰማ ሪናትን ይበልጥ ጠረጠረች። አዛውንቱ የሚሸፍኑላት መሰላት።

ሪናት ገዴራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። መርማሪዋ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ላፕቶፕ አንስታ ትራስ ሥር ከተተችው። ሌባ ብትሆን ደካማ ሌባ ናት።

«ዓርብ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ያቭኔ። ልብስ ሰፊ ቤት። ኖዓ ቬሎዋን ስትለካ አብሬያት ነበርኩ።»

«የትኛዋ ኖዓ?»

«የጋሼ ወርቅነህ ልጅ። ሠርጓ እኮ የፊታችን ሐሙስ ሳምንት ነው።»

«ትራሱ ሥር ያለውን አውጪው።»

«የራሴ ነው።»

«አውጪው አልኩሽ።»

ሪናት ማልቀስ ጀመረች፣ ላፕቶፑን ግን አልሰጠችም። አመለወርቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛ እንደምትመለስ ነግራት ወጣች፣ ደረጃው ላይ ሆናም ለኖዓ ደወለች።

«ሪናት? ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አብራኝ ነበረች» አለች ኖዓ። ድምፅዋ የደስ ደስ ያለው ነው። «አባዬ ሊያደርሰን ቃል ገብቶ ነበር፣ ጠዋት ቢሮ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። በአውቶቡስ ሄድን።»

አመለወርቅ ደረጃው ላይ ቆመች። «ቢሮ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ምንም። እንኳን ደስ ያለሽ። ሽማግሌ የተላከው መቼ ነበር?»

«ከወር በላይ ሆነው። ማክሰኞ ዕለት ነው የእጮኛዬ የኦሪኤል ወገኖች የመጡት። በዚያው ቀን አባዬ ራሱ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዝምድና የለም ብሎ ፈቀደ። ሌላ ቆጣሪ ማን አለና?» ሳቀች። «ከዚህ በፊት አንዱን በስድስተኛ ቤት ትገናኛላችሁ ብሎ አስቀርቶብኛል እኮ። አራት ዓመት አላናገርኩትም ነበር። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ዳግመኛ ቢያደርገው እንጃ።»

አመለወርቅ ስልኩን ዘግታ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረች። ሽማግሎቹ ማክሰኞ መጡ። ጊቡዩ የጠፋው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። መሐላቸው ያለው አንድ ረቡዕ ብቻ ነው። የደረሰችበት ነገር አላስደሰታትም። ተመልሳ የሪናትን በር አንኳኳች።

*

«የሰረቅሽ አይመስለኝም» አለቻት። «የደበቅሽውን ንገሪኝ።»

ሪናት አፍንጫዋን ጠረገች። «ቅጂ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነው። ጋሼ ወርቅነህ አስፈርመውኛል። ግን ቢሮው ይሞቃል፣ እናቴም ታማለች፣ የምጽፈውን እዚህ አምጥቼ ነው የምጽፈው። አንድ በአንድ። ስጨርስ አጠፋዋለሁ።»

«አሁን አንድ አለሽ?»

«አንድ ብቻ። የአባ ቢሆነኝን።»

አባ ቢሆነኝ ባለፈው ክረምት ያቭኔ ውስጥ የሞቱ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ በዘር ቆጠራ እሳቸውን የሚያህል አልነበረም። የቀዳቸውም ጋሼ ወርቅነህ ሳይሆኑ ዴቪር ነበር። ከሦስት መቶ አርባው ተርፎ ያለው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። አመለወርቅ የእናቷ ያልሆነ ድምፅ በመትረፉ ቅናት ቢጤ ቆነጠጣት፣ ወዲያውም አፈረች።

«ስለዚህኛው ቅጂ ለጋሼ ወርቅነህ ነግረሻቸው ነበር?»

«አዎ። ኖዓ በታጨች ማግስት። እስከ ግማሹ ጽፌ ነበር፣ የእርስዎም የኦሪኤልም ቤተሰብ ስም አለበት አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ። ቢሮ ቁጭ ብለው በጆሮ ማዳመጫ ሰሙት። ከዚያ ስህተት አለበት፣ ተይው፣ እኔ አየዋለሁ አሉኝ። እኔ ግን መጨረስ ፈልጌ...»

«ደህና አደረግሽ።»

አመለወርቅ ከሪናት ቤት ወጥታ ሁለት መንገድ ተሻግራ እማማ ሙሉዬ ጋ ገባች። አሮጊቷ ከማለዳው አልተነቃነቁም።

«እማማ፣ ዓርብ ዕለት ጋሼ ወርቅነህ ሲመጡ ምን እየሠሩ ነበር?»

«ምን እሠራለሁ። የሰንበት ዳቦዬን ከምድጃ አውጥቼ ነበር። ቆርሼ ሰጠሁት፣ ቆሞ እንኳ አልቀመሰም፣ በወረቀት ይዞት ሄደ።»

«ዳቦው የሚወጣው በስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዜናው ሲጀምር...» እማማ ሙሉዬ ቃላቸውን አልጨረሱም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ አንገታቸው ቁልፍ ሄደ። «አይ፣ ወርቅነህ» አሉ።

አመለወርቅ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሪናት የገለበጠችላትን ቅጂ ከፈተች። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ካለቀ በኋላም ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች።

*

የጋሼ ወርቅነህ ሳሎን በሠርግ ዕቃ ተሞልቷል። የመጥሪያ ካርድ በካርቶን፣ የተከራየ ጠረጴዛ ልብስ፣ ሶፋው ላይ የተዘረጋ አዲስ ሙሉ ልብስ። ኖዓ ቤት አልነበረችም። አመለወርቅ በዚህ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

«ዓርብ ሦስት ሰዓት ቢሮ ነበሩ፣ ጋሼ።»

«ገዴራ ነበርኩ። ሙሉዬን ጠይቂ።»

«ጠየቅኩ። የደረሱት ዳቦው ከወጣ በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ሙሉ ልብሱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ተቀመጡ። አልካዱም።

«ቢሆነኝ መንበሩን ጠራ» አሉ። «መንበሩ የእኔ አባት አያት ነው። መንበሩ ተሰማንና አየለን ወለደ አለ። እኔ ከአየለ ነኝ። ተሰማን በቆጠራ አላውቀውም ነበር፤ ደምቢያ ሄዶ ቀርቶ ስሙ ጠፍቶብን ነው። የኦሪኤል ወገን ከተሰማ ነው ለካ። ከሰባት ቤት በታች! ማክሰኞ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ምያለሁ፣ ልጆቹን ባርኬያለሁ። ረቡዕ ይህን ሰማሁ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? ለኖዓ? አንዴ አስቀርቼባታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ በር አልገባችም። እንደገና ልንገራት?» የመጥሪያ ካርዶቹን ካርቶን ዘጉት። «ወንድሟ ነው ማለት እኮ ነው፣ ልጄ። ዝም ብል እኔ ኃጢአተኛ ነኝ፣ ብናገር ልጄን አጣለሁ። ኃጢአቱን መረጥኩ።»

«አንዱን ብቻ አያጠፉም ነበር?»

«አንዱ ብቻ ቢጠፋ የቢሆነኝ ልጆች ይጠይቃሉ። ለምን እሱ ብቻ ይላሉ። ሁሉም ከጠፋ ሌባ ነው ይባላል። ዴቪር አስተምሮኛል እኮ፣ ሠላሳውን ቀን። ማስጠንቀቂያውን ኢሜይል ከሪናት በፊት እየከፈትኩ ሰረዝኩ። እናንተ ሽማግሌ ኮምፒውተር አያውቅም ትላላችሁ።»

«ዲስኮቹ የት ናቸው?»

«የድሮ ፋብሪካዬ ብረት መፍጫ ውስጥ። ዓርብ ከገዴራ መልስ። ሃያ ሰባት ዓመት የሠራሁበት ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም። ዱቄት ሆነዋል።»

አመለወርቅ ይህን እንደምትሰማ ታውቅ ነበር። ሆኖም መንገድ ላይ ሳለች አንድ ቦታ ተቀብረው ይሆናል ብላ ነበር። አሁን ያ ተስፋ ሲቆረጥ ጮኻ ሽማግሌውን ልትመታቸው ቃጣት። በምትኩ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከመጥሪያ ካርዶቹ ጎን አስቀመጠች።

«የቢሆነኝ ቅጂ አለ።»

ጋሼ ወርቅነህ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ከየት?»

«ከየትም ይሁን። እርስዎ እስከ የት ነው የሰሙት?»

«መንበሩን እስኪል። ከዚያ በላይ ምን እሰማለሁ? ጆሮዬ ላይ ያለውን ነቅዬ ጣልኩት።»

እሷ ወደ መጨረሻው አሳለፈችና ለቀቀችው። የሞተው ሽማግሌ ድምፅ ደክሞ፣ በሳል እየተቆራረጠ ሳሎኑን ሞላው።

«አሁን ደግሞ ሲቆጠር ያላልኩትን ልበል። ተሰማ የመንበሩ የአብራኩ ልጅ አይደለም። እናቱ ከደምቢያ ስትመጣ አዝላው መጣች። መንበሩ አሳደገው፣ በስሙም ተጠራ። በቆጠራ መሐል ይህ አይባልም፣ ነውር ነው። ግን ለጋብቻ የሚጠይቅ ቢመጣ ንገሩት። ደም የለም።»

ቅጂው አለቀ። ጋሼ ወርቅነህ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ስክሪኑን አዩ።

«መጨረሻ ላይ ነው የሚሉት» አሉ በሹክሹክታ። «ሁሉም። የእንጀራ ልጁን፣ የጡት ልጁን፣ ሁሉንም ቆጥረው ሲያበቁ ነው ለብቻ የሚናገሩት። ሪናትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መጨረሻውን ሳትሰሚ አንድ መስመር እንዳትጽፊ ብዬ። ሦስት መቶ አርባ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ። ሁሉንም!»

«አንዱን አልሰሙም።»

«ሌሎቹስ? አንቺ፣ ሌሎቹስ አልተገኙም?»

«አልተገኙም። ይሄ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ፈለጉ፤ እጃቸው ላይ እንዳለ አላስተዋሉም። ከዚያ ፊታቸውን በሱ ሸፍነው አለቀሱ። አመለወርቅ ልታጽናናቸው አልቻለችም፣ አልፈለገችምም። በረንዳው ላይ ወጥታ ለማኦር «አልቋል» ብላ ደወለች። ማኦር «ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ» አላት።

*

ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ አሥር ደቂቃ ነው። ጋሼ ወርቅነህ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ በካቴና አላሰረቻቸውም። ገበያው ጋ ሲደርሱ የትራፊክ መብራት አቆማቸው።

«እናትሽን እኔ ራሴ ነኝ የቀዳኋት» አሉ በድንገት።

አመለወርቅ መስታወቱ ውስጥ አየቻቸው።

«አንድ ቀን መጥተሽ ትሰሚያለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። አልመጣሽም።»

«አልመጣሁም» አለች። «ምን ነበር ያሉት?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያስታውሱ ግንባራቸው ተሸበሸበ።

«ስለ መንገዱ ነው የነገረችኝ። ሱዳን ሊገቡ ሲሉ ሌሊቱን ወንዝ ሲሻገሩ አንቺ ጀርባዋ ላይ ነበርሽ። እንዳታለቅሺ ጣቷን አጠባችሽ አለች። ወንድምሽ ሰፈሩ ውስጥ በኩፍኝ ሲሞት አፈሩን በእጇ...»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ።

አመለወርቅ ወንድም ኖሯት አያውቅም። ሱዳንንም አልረገጠችም። እሷና እናቷ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ሁለት ዓመት ጠብቀው በአውሮፕላን ነው የመጡት። አዛውንቱ የሌላ ሴት ታሪክ ነው የሚነግሯት። የማን እንደሆነ ደግሞ ከአሁን በኋላ የሚያውቅ የለም።

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነበሩ፣ ድምፃቸው እየለሰለሰ ሄዷል፣ የዚያችን ሴት አነጋገር ሳይቀር ያስመስሉ ነበር። መኪናውን ቀስ ብላ ነዳች።

«ከዚያስ?» አለቻቸው።